ጥጥ የተሰፋበት ሄልሜት

ለፖስተኛው ከመጋዘኑ ሦስት የሞተር ሄልሜት አወጣሁለት። ቀላሉንና አዲሱን ሳይሞክር መለሰልኝ። ጆሮ ድረስ የሚወርደውን ከባዱን አጠለቀና፣ «እስቲ ጥራኝ» አለ። ጠራሁት።

«ይሰማል» ብሎ ካኪ ሱሪውን የሚጥፍበትን መርፌ ከኪሱ አወጣ፤ በጆሮው በኩል ከውስጥ ጥጥ ይሰፋበት ጀመር።

«መኪና ከኋላ ቢመጣብህስ?»

«ይምጣ።»

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት በአሶሳ ዙሪያ ላሉት የሰፈራ አምባዎች ከወሎ የሚላከውን ደብዳቤ በሞተር እየዞረ የሚያደርሰው እሱ ነበር። መርዶውንም እሱ ነው የሚያመጣው። መርዶ በወጉ ጎረቤት ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። እሱ ግን በቀን ስድስት አምባ ማዳረስ አለበት፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ይነግርና ይሄዳል። እሪታው የቀርከሃው ጫካ ውስጥ እስኪገባ ይከተለዋል።

ሰፍቶ ሲጨርስ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ወጣ። ስንዴ ለመቀበል ከተሰለፉት አንዲት ሴት ሞተሩን ያዝ አደረገች።

«ወንድም ዓለም፣ ልጄ ሞተብኝ?»

አልሰማትም። ሰላም ያለችው መስሎት አንገቱን ዝቅ አደረገና ሞተሩን አስነሣ።

የደብዳቤ ቦርሳው የዚያን ቀን ከመርዶ ባዶ ነበር። ይህን ልነግራት ስሮጥ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እሪታዋን አቅልጣዋለች። እሱ ዞር ብሎም አላየ።