ከበለጥሽ መደብ የጠፋው ጁፒተር

አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ሻይ ቤት የተወለደ ወሬ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ሲደርስ ጢም አብቅሎ ነበር። ቲቸር ጽጌሬዳ ፀሐይንና ፕላኔቶቹን መንገድ ላይ ደርድራ የአራተኛ ክፍል ልጆችን ስታስተምር፣ ዝንጀሮ ከጫካ ወርዶ ጁፒተርን በላው አሉ። እሷም መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሁለተኛው ማኪያቶ ላይ ዝንጀሮው ሦስት ሆነ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሳተርንንም ከነቀለበቱ ይዘው ሄደዋል ተባለ።

ዝንጀሮውን ማመን አይከብድም። የአርባ ምንጭ ዝንጀሮ እንኳን ማንጎ፣ ካልጠበቁት የባጃጅ ቁልፍም ይነጥቃል። የሚቸግረው ለቅሶው ነው። ጽጌሬዳ ገረሴ ተወልዳ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ክፍል ሰባ ልጅ ያስተማረች ሴት ናት። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ድምፅዋ ከቆርቆሮው በልጦ እስከ ጫሞ ሐይቅ ይሰማል፤ አዞዎቹ እንኳ የማባዛት ሠንጠረዥ ሳይችሉ አይቀሩም። እንዲህ ያለች ሴት ለአንድ ማንጎ ታለቅሳለች?

ነገሩ የተጀመረው በጥያቄ ነው። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ፀሐይንና ስምንቱን ፕላኔቶች፣ ሚኒባስ እንደሚጠብቅ ተሳፋሪ ትከሻ ለትከሻ አሰልፏቸዋል። ማዕዶት የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እንዲህ ተጠጋግተው ሲዞሩ ለምን አይጋጩም?"

"ይራራቃላ!"

"ምን ያህል?"

ጽጌሬዳ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ለካ ራሷም ጠይቃ አታውቅም። "ነገ እነግርሻለሁ" አለች። ነገው ሁለት ሳምንት ሆነ። ቤቷ ያለ ጥራጥሬ ሁሉ በማስመሪያ ተለካ፤ ባሏ ደግፌ ንፍሮ ሲዘግን "ቆይ፣ እሷ ምድር ናት!" እየተባለ እጁ ስንቴ ተመታ።

ስሌቱ ሲያልቅ ጉድ ወጣ። ፀሐይ አንድ ሜትር ወርድ ያለው ሰፌድ ብትሆን፣ ምድር ከአንዲት ሽምብራ አትበልጥም፤ እሷም ከሰፌዱ መቶ ሰባት ሜትር ትርቃለች። የመጨረሻው ኔፕቱን፣ ትንሽዬ ሎሚ፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይህን የሚችል ግድግዳ የለም። የሚችለው ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደው መንገድ ነው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሽመክት በአንድ ውል ፈቀዱ። "ዓርብ አራተኛ 'ሀ' ይውጣ። አንዲት ፕላኔት ከጠፋች ግን 'ለ' ከክፍሉ ንቅንቅ አይልም!" የ"ለ" ልጆች በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ሰሙ።

ዓርብ ማለዳ ጽጌሬዳና ደግፌ በገመድ እየለኩ ሁሉንም በየቦታው አኖሩ። ጁፒተር ድቡልቡል ማንጎ ነው። ቦታው አምስት መቶ ስድሳ ሜትር ላይ፣ በትክክል የፍራፍሬ ነጋዴዋ የበለጥሽ መደብ ላይ ዋለ። ጽጌሬዳም "አደራ" ብላ እዚያው ተወችው። ማንጎን፣ ማንጎ መሐል!

ልጆቹ ከሰፌዱ ተነሱ። ሜርኩሪ፣ የማሽላ ፍሬ። ቬነስ፣ ሽምብራ። ምድር፣ ሌላ ሽምብራ።

"ሁላችንም እዚች ላይ ነን?"

"ገረሴም፣ አዲስ አበባም፣ ባሕሩም ጭምር።"

ማርስን፣ ምስሯን፣ አለፉ። ከዚያ ባዶ መንገድ ሆነ። ሄዱ፣ ሄዱ።

"ቲቸር፣ አለቁ እንዴ?"

"ሰማይ አብዛኛው ባዶ ነው፤ ተራመዱ!"

መደቡ ጋ ሲደርሱ ጁፒተር የለም።

"ዝንጀሮ!" አለች በለጥሽ፣ ሳትጠየቅ። "ይህን የሚያህል! መንጭቆ በረረ!"

ጽጌሬዳ ሐሳብ ላይ ድቅን ያሉት በመስኮት ያሰገጉት የ"ለ" ልጆች ናቸው። በዚያው ቅጽበት አንድ ባጃጅ አቧራውን አልብሷት አለፈ፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ይህን ያየ መንገደኛ ወሬውን ይዞ ቁልቁል ሮጠ።

ማዕዶት ግን መደቡን ዞረችው። "እትዬ በለጥሽ፣ ዝንጀሮው ይህን ሁሉ ሙዝ ትቶ አንድ ማንጎ ብቻ መረጠ?"

በለጥሽ ሙዙን አየች፤ ልጅቷን አየች። "ጌታ ይቅር ይበለኝ! ሸጥኩት። ደንበኛዬ 'ድቡልቡሉን ስጪኝ' ሲለኝ እጄ ሳላውቀው መዘነው። ልጆች ፊት እንዴት ብዬ ጁፒተርን ሸጥኩ ልበል፣ ጽጌዬ?"

ጽጌሬዳ ሳቋ አመለጣት። ማስመሪያዋን አውጥታ፣ አሥር ሳንቲ ሜትር የሞላ ሌላ ማንጎ እስክታገኝ መደቡን አመሰችው። "ሰማይ ያለውን ማን ይነካዋል? ይሄ ወኪሉ ነው፤ ወኪል ይተካል" አለቻቸው።

ሳተርንን፣ የጥጥ ክር ቀለበት ያጠለቀውን የጨንቻ አፕል፣ አልፈው፣ ዩራነስንም አልፈው ሲቀላ ኔፕቱን ጋ ደረሱ። ማዕዶት ወደ ኋላ ዞረች። ሰፌዱ የት አለና!

"እነዚህ እንኳን ሊጋጩ" አለች፣ "አይተዋወቁም!"

ሰኞ አቶ ሽመክት ወሬውን ከነጭራው ሰምተው፣ የ"ለ"ን ፈቃድ ሳይፈርሙ ጠበቋት። ጽጌሬዳ ዓርብ ሲመለሱ ከየቦታቸው የለቀመቻቸውን ፕላኔቶች ከፌስታሏ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

"አንዱ ማንጎ በስሕተት ተሸጦ ነበር፤ እዚያው ተተካ። ይቁጠሩ።"

የማሽላዋን ፍሬ በመነጽር ፈልገው ቆጠሩ። ስምንት። ፈረሙ። ፈርመውም ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለመሆኑ፣ መምህርት፣ ዝንጀሮዎቹ በጣም ትልልቅ ነበሩ?"

"ዝንጀሮ አልነበረም። ሦስትም አልነበሩም። ጁፒተር አልተበላም፣ ሳተርን አልተወሰደም፣ እኔም አላለቀስኩም።"