ለጥምቀት የታጠበ ነጭ

ጋራው ስም አልነበረውም። እኛ «አናት» እንለው ነበር። ከሥሩ ያለችው ትንሽ የሰፈራ መንደር ናት። ከደጋ የመጡ፣ ቆላውን ገና ያልለመዱ ገበሬዎች ወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሰው ማሽላ ይዘራሉ። ለሻምበላችን የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ መንደሯ እንዳትያዝ።

ይህን የምጽፈው ለንደን፣ ኤድመንተን የሚባል ሰፈር ካለው ቤቴ ነው። እዚሁ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ጭነት ስደረድር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ጥምቀት ልጄ ሕሊና ጋቢዬን አጣጥፋ አመጣችና «አባዬ፣ ዌዘሩን ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ዝናብ የለም። ለምንድን ነው ሁሌ ጥቁር ኮት ብቻ የምትለብሰው? ፎቶ ላይ ለቀስተኛ ትመስላለህ» አለችኝ። እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አልፈርድባትም። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። መልሱ አውቶቡስ እስኪመጣ የሚያልቅ አልነበረም። እሷም ልጆቿም እንዲያነቡት አሁን ልጻፈው።

እኔ የአየር ኃይል አገናኝ ነበርኩ። ሥራዬ ሬዲዮ ይዤ ከእግረኛው ጋር መቀመጥና አውሮፕላን ሲመጣ የት እንደሚጥል፣ የት እንደሚመታ መንገር ነው። ከተከበብን ሰንብተናል። መንገዱ ፈንጂ ተቀብሮበታል። ጥይት እያለቀ፣ ቁስለኛው ምሽግ ውስጥ ያለ መድኃኒት እየቃተተ ነበር። የቀረን ሰማዩ ብቻ ነው።

ዕቅዱን ከአየር ምድቡ መኮንኖች ጋር በሬዲዮ ሠራነው። አንድ አንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን ጥይትና መድኃኒት በጃንጥላ ይጥላል። አናት ጠባብ ስለሆነ ጭነቱን በሁለት ዙር ይከፍለዋል። ሁለት ጀቶች ጠላት የያዘውን የማዶ ሸንተረር ይመታሉ። ከላይ ሲታዩ የእኛ ጋራና የጠላት ሸንተረር መንትያ ስለሆኑ እኛ ነጭ ጨርቅ በመስቀል ቅርጽ እንዘረጋለን። ነጭ ያለበት ወገን፣ የሌለበት ጠላት። ቀኑን ለመንደሩ አልነገርንም፤ ምስጢር ነበር።

ጥሩ ዕቅድ ነበር። ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ግን ጉሙ አልገለጥ እያለ ቀኑ ተገፋ፤ ተገፍቶ ተገፍቶ ለከተራ አንድ ቀን በቀረው ዕለት ላይ ወደቀ። እኛ የቆጠርነው ጥይት ነው፤ መንደሩ የቆጠረው በዓሉን።

የመትረየስ ምድቡ አዛዥ ሃምሳ አለቃ ተፈራ ይባላል። ቀልደኛ ነበር፤ ሲርበውም ይቀልዳል። ከሰፋሪዎቹ እማማ ዘነቡን «እናቴ» ይላቸው ነበር። እሳቸውም ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ይልኩለት ነበር።

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ የአንቶኖቩ ድምፅ ተሰማ። ጨርቃችንን ዘረጋን። ተፈራ ወደ ወንዙ ሲመለከት ፊቱ ተለወጠ።

«ማዶውን እየው!»

የወንዙ ማዶ ነጭ ሆኗል። ንጹሕ ሣርና ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ ሴቶቹ ሁልጊዜ ተሻግረው ነው የሚያጥቡት። ጠላትም ከሸንተረሩ ሆኖ እያያቸው ልብስ አጣቢ አይመታም ነበር። የዚያን ቀን የመንደሩ ነጠላ፣ ጋቢና ቀሚስ ሁሉ በእንዶድ ታጥቦ ሣሩ ላይ ተሰጥቷል። የእኛ መስቀል ከዚያ አጠገብ የመሐረብ ያህል ነበር።

«ማዶ አትጣል! ማዶው ወገን አይደለም!» ብዬ በሬዲዮ ጮህኩ።

«ነጩ ታይቶኛል። ለቅቄያለሁ» አለ አብራሪው።

ግማሹ ጭነት ማዶ ወረደ። ጠላት ጭነቱን ሊወስድ ከሸንተረሩ ወደ ወንዙ ይንደረደር ጀመር።

«የታጠበ ልብስ ነው! ለጥምቀት የታጠበ ልብስ!»

አብራሪው በሬዲዮ መለሰ። «ከዚህ ሆኜ አልለየውም፤ ሁሉም ነጭ ነው። ነዳጄ ሌላ አንድ ዙር ብቻ ነው የሚፈቅድልኝ። ማዶ ያለውን አንሱልኝ።»

ተፈራ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» አለና ጠመንጃውን አነሳ። «ዛሬ ሊበጣጠስ ነው።» አምስት ወታደር አስከትሎ ቁልቁል ሮጠ። እኛ በቀረችን ጥይት ሸፈንናቸው።

ሴቶቹ ተኩሱ ሲጀመር መሸሽ ጀምረው ነበር። ተፈራ ወንዙን ሲሻገር «እናቴ፣ ልብሱን! ልብሱን አንሱ!» ማለቱን በኋላ የተረፉት ነገሩኝ። እማማ ዘነቡ ቀድመው ተመለሱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ጀቶቹ ሸንተረሩን መቱ። የወረዱት ጠላቶች ግን ወንዙ አጠገብ ደርሰዋል። የእኛን ሰዎች በመነጽር አያቸው ነበር። አንዱ ጎንበስ ይላል፣ ያነሳል፣ ይወድቃል። ሌላዋ ከእጁ ትወስዳለች። ነጩ እየሳሳ፣ ሣሩ እየታየ መጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ አንጀቴን የበላው ግን የለም።

«አሁን መስቀሉ ብቻ ታየኝ» አለ አብራሪው።

ሁለተኛው ጭነት በጃንጥላ ከራሳችን በላይ ተንሳፈፈ፤ አናት ላይ አረፈ። ሳጥኑን በሳንጃ ከፈትን። እስከ ማምሻው ተዋጋን። መንደሯ አልተያዘችም።

ሲመሽ ሙታናችንን ከወንዙ አመጣን። ተፈራ ነጠላ በብብቱ እንደያዘ ነበር። መግነዝ አልነበረንም። እማማ ዘነቡ ነጠላውን ከብብቱ አወጡና ዘረጉት። የራሳቸው ነበር።

«ታጥቧል» አሉ። «በዚሁ ሸፍኑት።»

ተፈራና ሦስት ወታደሮች። ከሴቶቹ ሁለት፤ አንደኛዋ የእማማ ዘነቡ ልጅ ናት። ስድስት ሰው። የተረፈውን ንጹሕ ልብስ ለእነሱ አደረግነው፤ ሌላው በጭቃና በደም ተበላሽቷል። በማግስቱ ቄሱ ወንዙ ዳር ጸሎተ ከተራውን ሲያደርሱ መንደሩ በእርሻ ልብሱ ቆመ።

ጥፋተኛ ስፈልግ ኖሬያለሁ። አብራሪው ነጭ ፈልግ ተባለ፣ ነጭ አየ። ሴቶቹ በዓል ደረሰ፣ ልብስ አጠቡ። እኛ ምስጢር ጠብቀናል። ሁሉም የየራሱን ሥራ በደንብ ሠርቷል፤ ስድስት ሰው ግን ሞቷል።

ሕሊና፣ ለሚመጣው ጥምቀት ጋቢውን በክንዴ ይዤ አብሬሽ እመጣለሁ፤ እንድለብሰው ግን አታስገድጂኝ። በዚያ ጥምቀት ነጭ የለበሱት ሙታኑ ብቻ ነበሩ።