የባሌ አባት ያቆላመጡ ዕለት

ሰው አንድ ወሬ ሰማሁ ብሎ ሲመጣብኝ፣ ምን እንደተባለ ከመጠየቄ በፊት ማን እንዳለው እጠይቃለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ይህን ያስተማረኝ የባሌ አባት አፍ ነው፤ ትምህርቱም ባሌን ከሞት አትርፎልኛል።

የተዳርሁት ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ጊዜ፣ በደጀን በኩል፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለ ቤት ነው። የባሌ አባት ደህና ገበሬ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ለድሃ እጃቸው የማይታጠፍ ሰው ነበሩ። አፋቸው ግን እሬት ነው። በገባሁ ሳምንት የሠራሁትን ወጥ ቀመስ አደረጉና፣ «ይቺን የላከብን ማነው? ከጣሊያን የተረፍነውን በወጥ ልትጨርሰን ነው» አሉ። ጓዳ ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ። የባሌ እናት ተከትለውኝ ገቡ።

«ምን ያስለቅስሻል? ገበታውን አየሽው?»

«አላየሁም እሜቴ።»

«ሄደሽ እዪው። ጠብታ አልቀረም። እሳቸው የሚሰድቡት የወደዱትን ነው። እኔን እድሜ ልካቸውን ‹አንቺ ጉድ› እንዳሉኝ ነው። አንድ ቀን ‹የኔ እመቤት› ያሉኝ እንደሆነ የንስሐ አባቴን ነው የማስጠራው።»

መጽናኛ መስሎኝ አላመንኋቸውም። ቆይቼ ግን በዓይኔ አየሁ። «ይህ ሥጋ ብቻ» እያሉ የሚያዋርዱት በሬ፣ ጠዋት ጠዋት በእጃቸው ጨው የሚያልሱት በሬ ነበር። ባሌን ከልጅነቱ ጀምሮ «አንተ ጎታታ» ከማለት በቀር በሌላ ጠርተውት አያውቁም። ንዳድ ይዞት የወደቀ ጊዜ ግን፣ እርሻውን ትተው ራስጌው ተቀምጠው እንደሰነበቱ እናቱ ነግረውኛል።

አንድ ቀን ደግሞ ለጣሊያን ያደረ የአገሩ ሹም ከነአጃቢዎቹ መጣ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ እደጅ ድረስ ወጥተው እጅ ነሱ። «የኔ ጌታ፣ እንኳን መጡልን! ቤቱም ከብቱም የእርስዎ ነው» አሉ። እኔ፣ ለካ መልካም ንግግርም ያውቁበታል ብዬ ስደነቅ፣ የባሌ እናት በጓሮ ወጥተው ላሞቹን ወደ በረሃው አስነዱ። ሹሙ ከብት ሊነዳ እንደመጣ ማን እንደነገራቸው ብጠይቅ ተገረሙብኝ።

«ራሳቸው ናቸዋ! የኔ ጌታ ሲሉት አልሰማሽም?»

ከዚያ ወዲህ እኔም ጆሮዬን ከፈትሁ። ሲሳደቡ ልቤ ያርፋል፤ ሲለሰልሱ ዙሪያዬን አያለሁ። ሰው ከአንገት በላይና ከሆዱ ሲናገር ለየሁ እላለሁ፤ የእሳቸውን ያህል ግን የማንንም አልለየሁም።

ባሌ በዚያው ዓመት ዱር ቤቴ አለ። ከአፋፉ በታች ባለው በረሃ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ጣሊያን ይመታ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እግሩን ጥይት መታውና መራመድ አቃተው። ጓደኞቹ ዋሻ ውስጥ አስቀምጠውት ሄዱ፤ እኔ ዳቦና ቆሎ ይዤለት ወርጄ እዚያው ሳስታምመው ሰነበትሁ። ቁስሉ መግል ያዘ። ስንቁ አለቀ። ቤቱን፣ እናቱን፣ ትኩስ ነገር ብቻ ያነሳ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ከአፋፉ ድምፅ መጣ። በእኛ አገር ማዶ ለማዶ መጣራት የተለመደ ነው፤ ሰውየው ሳይታይ በድምፁ ይታወቃል። የአማቴ ድምፅ ነው።

«ልጄ ሆይ! ልጄ! የዓይኔ ብርሃን! ምሕረት ተደርጎልሃል! መሣሪያህን ይዘህ ወደ ቤትህ ውጣ! ናፍቀኸኛል ልጄ!»

ገደሉ ተቀብሎ ደገመው። እኔ የያዝሁትን የውሃ ቅል መሬት አስቀመጥሁ። ወታደሮች ከኋላቸው እንደቆሙ ያየሁ ያህል አወቅሁ። ዞር ስል ባሌ ጠመንጃውን ተመርኩዞ ቆሟል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ልጄ አለኝ እኮ። ሰማሽ? ልጄ አለኝ።»

«ሰማሁ። አትሄድም።»

«አባቴ ነው የጠራኝ።»

«አባትህማ ከልባቸው ቢሆን ‹አንተ ጎታታ› ይሉህ ነበር! መቼ እንዲህ ብለውህ ያውቃሉ? አንድ ቀን ንገረኝ!»

እሱም አውቆታል፤ ከእኔ በፊት አውቆታል። ግን ያቺን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቃት ኖሮ እንዴት አልሰማሁም ይበል? አንጀቴን በላው። ቢሆንም ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ዋሻው ደጅ ላይ ቆምሁና፣ «በእኔ ላይ ተራምደህ ትሄዳለህ» አልሁት። ከላይ ጥሪው ቀጠለ፤ በጠሩት ቁጥር ይበልጥ እየጣፈጠ ሄደ። ባሌ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ኋላ እንደሰማነው፣ ከወታደሮቹ ጋር የነበረው አስተርጓሚ እጅግ ደስ ብሎት ነበር። አባት እንዲህ ሲለምን የማይመጣ ልጅ የለም አለ አሉ። አማርኛው ከእኛ አያንስም፤ ቃሉን ሁሉ ሰምቷል። ሰውየውን ግን አያውቃቸውም። ከአፋፉ በታች በቁልቁለቱ ላይ ወታደር አድፍጦ ይጠብቅ ነበር።

እኛ ወደ ታች እየተንፏቀቅን ወደ ሌላ ዋሻ ተዛወርን። አማቴን ልጅህ አልመጣም ብለው ደበደቧቸው፤ ደብረ ማርቆስ ወስደውም አሰሯቸው። ሲፈቱ የፊት ጥርሶቻቸው አልነበሩም። ስድባቸው ግን እንዳለ ነበር፤ የባሌ እናት ደጅ ላይ «አንቺ ጉድ፣ አለሽ?» ሲሏቸው ነው ያለቀሱት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሌ እያነከሰ ገባ። በመጀመሪያው መኸር ጤፍ ስንወቃ አማቴ አውድማው ዳር የገለባ መንሻቸውን ተደግፈው ቆሙ። ባሌ ወዲያ ማዶ ገለባ ይከምራል። ወደ እኔ ሳያዩ ተናገሩ።

«ያን ቀን ያስቀረሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ልጄ አሉት። የዓይኔ ብርሃን አሉት።»

በባዶ ድዳቸው ሳቁ። «ደግ! ጎታታም ቢሆን ይህቺን አይስታትም ብዬ ነው እኮ።»

«አልሳታትም» አልሁ። «ግን ተነስቶ ነበር አባባ። ወጥመድ መሆኑን እያወቀ ሊመጣ ተነስቶ ነበር። ልጄ ሲሉት ጊዜ አላስችል አለው።»

ሳቃቸው ቆመ። እግራቸው ሥር ያለውን እህል በመንሻቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«ምሕረቱ ውሸት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ውጣ ያልሁትም ውሸት ነው። ልጄ ያልሁት ግን ውሸት አልነበረም። አፈሙዙ ጀርባዬን ሲነካኝ፣ ሳልለው ከምሞት ብዬ ነው።»

እኚህን ሰው ጠንቅቄ አወቅሁ ባይ ነበርሁ።

እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ማዶ ዞረው ጮኹ፤ «አንተ ጎታታ! ነፋሱ ሳያልፍ ና እንጂ! ምን ይገትርሃል?»

ባሌ የያዘውን ገለባ ጥሎ በዚያ እግሩ እየሮጠ መጣ።