ከካም ሙን ደም ውስጥ የጠፋው መድኃኒት

ቡንሩዋን መቀመጥ አይሆንላትም። ምሳዋን እንኳ ቆማ፣ ሩዟን በእጇ እየጠቀለለች ነው የምትጎርሰው። ላምፓንግ ከተማ ካለው የዝሆኖች ቤተ ሙከራ ስትገባ ጠጉሯ ጥቁር ነበር፤ የዝሆን ደም በማሽን ስታሽከረክር፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ፕላዝማ ስትቀዳ፣ ውስጡ ስንት መድኃኒት እንዳለ ስትለካ ሸበተች።

የዚያን ሰሞን የሚለካው የሕመም ማስታገሻ ነበር። ለዝሆን ስንቱ ይበቃል? በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም፤ ሐኪሞቹ በግምት ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ስድስት ዝሆኖች ክኒኑን በሙዝ ዋጡ ተባለ፤ ለሁለት ቀን በየተወሰነው ሰዓት ከጆሯቸው ደም ተቀዳ። የአምስቱ መጠን ወጣ፣ ከዚያ ወረደ። የስድስተኛዋ የካም ሙን ግን ከመጀመሪያው ብልቃጥ እስከ መጨረሻው ዜሮ።

ቡንሩዋንን ላብ አጠመቃት። ጥፋቱን ከራሷ ጀምራ ፈለገች። የብልቃጦቹን ምልክት አገላበጠች፣ ማሽኑን አጠበች፣ ሦስት ጊዜ ደግማ ለካች። ወይ ፍንክች!

«እህት ቡንሩዋን፣ ኧረ ተዪው!» አለ ባልደረባዋ ቻሎም። «ከሌሎቹ ጋር ደምሪና ለሐኪሞቹ ላኪው።»

«ደምሬ? አማካዩ ይወርድና ‹መድኃኒቱ አንሷል፣ ጨምሩ› ይላሉ። የተጨመረበት ዝሆን ሲሞት መቃብሩን አንተ ትቆፍራለህ?»

«እኔማ ወገቤን ያመኛል።»

አልሳቀችም። ሞተር ብስክሌቷን አስነስታ ወደ ዝሆኖቹ ካምፕ በረረች።

የካም ሙን ጠባቂ ሽማግሌው ኢንካም ወንዝ ውስጥ ቆመው ዝሆናቸውን ያጥቡ ነበር። ሲያዩዋት ዞር ብለው የታጠበውን ጆሮ እንደገና ማጠብ ጀመሩ።

«አጎቴ፣ ክኒኑን ዋጠች?»

«ሙዙን በላች።»

«ሙዙንማ ዝንጀሮም ይበላል። ክኒኑን ነው የጠየቅኩዎት።»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። «ከሷ በፊት ሌላ ነበረችኝ። እግሯን ሲያማት ሐኪም መድኃኒት ሰጣት። በሦስተኛው ቀን ደም እያስቀመጣት ሞተች። በኋላ ‹ልኩ በዝቶ ነው› አሉኝ። ልኩን አታውቁትማ፣ ልጄ! ማወቅ ከፈለጋችሁ በሌላ ሰው ዝሆን እወቁ።»

ቡንሩዋን ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሽማግሌው ያንኑ ጆሮ ለሦስተኛ ጊዜ ማጠብ ሲጀምሩ ስታይ ቁጣው ጥሏት ሄደ።

«የሌላውም ሰው ዝሆን እኮ ባለቤት አለው» አለች ቀስ ብላ። «አምስቱ ውጠው ደህና ናቸው። የእርስዎ ዜሮ ከተደመረ ግን ነገ እግሩን ለሚያመው ዝሆን ሁሉ ልኩ ይበዛል።»

ኢንካም ውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉ። «ክኒኑን እንዳልሰጠኋት ጥናቱን ለምትመራው ዶክተር ራሴ እናገራለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ግን ቃል ግቢልኝ። ስትውጠው፣ መድኃኒቱ ከደሟ ጨርሶ ሲወጣ ደውለሽ ንገሪኝ።»

በሳምንቱ ካም ሙን ክኒኑን ሰው ሁሉ እያየ ዋጠች። ቡንሩዋን በየብልቃጡ ደወለች፤ ገባ፣ ጨመረ፣ እየቀነሰ ነው። ሽማግሌው እህል አልቀመሱም። እሷም ከማሽኑ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ማሽኑ ስትመላለስ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኩን አነሳች።

«አጎቴ፣ ወጥቷል። ምንም የቀረ የለም።»

ኢንካም ሲያለቅሱ ሰማቻቸው። ቆይተው አፍንጫቸውን ጠረጉና «የእነዚያስ የአምስቱ?» አሉ። «ለጠባቂዎቻቸው ማን ነገራቸው?»

ማንም አልነገራቸውም። እንዲህ ያለ ስልክ ለማንም መደወል እንዳለባት አስባ የማታውቀው ቡንሩዋን ፊቷ በሐፍረት ጋለ።

«ስልካቸውን ይስጡኝ» አለች፣ እስክሪብቶ እየፈለገች።