ስም የጎደለው ሞጁል

ሥራ በጀመርኩበት ቀን «ከርነሉ ሞቷል» አሉኝ፤ ካቻቢቴዬን አውጥቼ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈታሁ። ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሞተ ነገር ሁሉ በብሎን ተይዞ ውስጥ ይገኛል ብዬ አምን ነበር። ከርነል የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ የሚመራ ፕሮግራም መሆኑን የነገሩኝ ክዳኑን ከመለስኩ በኋላ ነው። ያውም አንድ ብሎን ተርፎኝ።

ቀጣሪዬ ቴፒ ያለ የቡና መጋዘን ነበር። ከዓመታት በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝና የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ተባልኩ። በክፍሉ ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

በአንዱ የቡና ለቀማ ወቅት የመኪና ሚዛኑን የሚያነበው ኮምፒውተር፣ ሚዛኑ ላይ ጭነት ሲወጣ ድርቅ ማለት አመጣ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስበው መዛኟን አልማዝን «የሚዛኑን ገመድ የምትነካኪው አንቺ ነሽ» አሏት። «እስከ ዓርብ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ሥራሽን ታስረክቢያለሽ።»

አልማዝ እኔ ዘንድ መጣች። «ጋሼ፣ እኔ የነካሁት ነገር ቢኖር የራሴን ሻሽ ነው» አለችኝ።

ማሽኑ ሲደርቅ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይደረድራል። ጥፋቱ ሚዛኑን ከከርነሉ ጋር በሚያገናኘው ትንሽ ፕሮግራም፣ ሞጁል በሚሉት ውስጥ መሆኑ ይታወቃል፤ የትኛው ክፍል፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ግን አይታወቅም። ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሰው የዲበግ መረጃ ነው። እሱ ደግሞ ሞጁሉ ሲጫን፣ ፋይሉ እንዲያንስ ተብሎ ተወግዷል። አማን ከተማ ውስጥ ሰው ስትፈልጉ የቤት ቁጥር ብቻ እንደመያዝ ነው፤ «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ» የሚላችሁ ከሌለ ስትዞሩ ትውላላችሁ።

ብልህ ነኝና ሞጁሉን ከነዲበግ መረጃው በራሴ ኮምፒውተር፣ የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፋይል በሚለውጠው ኮምፓይለር እንደገና ሠራሁት። ስም ወጣ። ጥፋተኛው ሚዛኑ ላይ ያለውን ቀይ አምፖል የሚያበራው ክፍል ሆነ። አምፖሉን ነቀልን። በነጋታው ማሽኑ ያለ አምፖል ደረቀ።

«እንግዲህ አምፖሉ አይደለም» አሉ አቶ ግርማ፣ አልማዝን እያዩ። ላድናት የነቀልኩት አምፖል ማስረጃ ሆነባት።

ሐሙስ ወደ አማን ተሳፈርኩ። ሞጁሉን መጀመሪያ የጻፈችው ትዕግሥት እዚያ ነው የምትኖረው። ቁጥሮቹንም የኔንም ፋይል አየች።

«ጋሼ፣ በየትኛው ኮምፓይለር ነው የሠሩት?»

«በአዲሱ።»

«ታዲያ ይሄ ሌላ ሞጁል ነው፤ ቁጥሮቹ ከሌላ ስም ጋር ይገጥማሉ። የጎረቤትዎን ራጅ ይዘው ሐኪም ቤት ሄደዋል።»

«ጎረቤቴ ደህና ነው?»

«እሱን አምፖሉ ያመዋል።»

ያኔ የሠራችውን፣ ምንም ያልተቀነሰለትን ቅጂ አስቀምጣው ነበር። በእሱና እኛ ጋ በተጫነው ሞጁል ላይ ያለውን መለያ ቁጥር አስተያየን፤ ገጠመ። አሁን ትክክለኛው ስም ወጣ፤ ክብደት የሚቀበለው ክፍል ነው። መኪናው ሳይረጋ ሲንቀጠቀጥ ሚዛኑ ቁጥር ያዥጎደጉዳል፤ ቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ ያልፍና የሌላውን ያበላሻል። ትዕግሥት ትርፉን ቁጥር የሚያስቀር አንድ መስመር ጨመረችበት።

ዓርብ ጠዋት የታረመውን ሞጁል ጫንኩት፤ መኪና ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ማሽኑም አልደረቀም። አቶ ግርማ አልማዝን ቢሮ ጠርተው፣ ከኔ በቀር ማንም በሌለበት፣ «ነፃ ነሽ» አሏት። ስንወጣ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ስወነጀል ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ስነጻ የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እና?»

«እናማ ለቀሩት እርስዎ ይነግሩልኛል።»

ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ቅጂ ከነዲበግ መረጃውና ከተሠራበት ኮምፓይለር ጋር ሳላስቀምጥ ሞጁል ጭኜ አላውቅም። እናንተም አስቀምጡ።

ለሠራተኞቹም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ አንዱን ገበያ ላይ፣ አንዱን በገዛ ሠርጉ ላይ፣ ሙሽራዋ አጠገቡ እንደተቀመጠች። የቀረኝ የመጋዘኑ ዘበኛ ነው። ሥራ ለቆ ቱም ከተማ ገብቷል አሉኝ። እሱ ዛሬም አልማዝ ገመድ ትነካካለች ብሎ ያምናል። የአንድ ሰው ዕዳ አለብኝ።