አንድ ስቶኪንግ ለሁለት ካርቡራተር

የአባቴ የስፖርት መኪና ቀይ ናት፤ ጣሪያ የላትም፣ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ በዕድሜ ከእኔም ከእህቴም ትበልጣለች። በሞያሌ የጭነት መኪኖች መሀል ስታልፍ ለቅሶ ቤት በቀይ ቀሚስ የመጣች ሴት ትመስላለች። አባቴ፣ እህቴ ገና ስትድህ፣ "ስትዳሪ በዚች ነው የማደርስሽ" ብሏት ነበር።

በሠርጉ ጠዋት መኪናዋ ሁለቴ አስላ ዝም አለች።

እህቴ ቬሎዋን እንደለበሰች በር ላይ ብቅ አለች። "አባዬ፣ በቦዳቦዳ ልሂድ?"

"ዝም በይ! ሙሽራ በሞተርሳይክል?"

አባቴ ያስጠራው ፉንዲ፣ መካኒኩ፣ ከቡቲዬ ሰፈር እየበረረ መጣ። ካርቡራተር የሞተሩ ሳንባ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ ቤንዚኑ መርፌ በማታስገባ ቀዳዳ ይወጣና እንደ ጉም ሆኖ ይቀላቀለዋል። የእኛዋ ሁለት አላት። ፉንዲው የአንዱን የቤንዚን ቋት ከፍቶ ሳቀ፤ ከሥሩ ነጭ ክር ተኝቷል።

"ጋሼ፣ ቤንዚኑን በምንድን ነው ያጠለሉት?"

"በነጠላ ነዋ! የጄሪካን ቤንዚን መቼ ቆሻሻ ያጣል? ለዛሬ ብዬ አዲስ ነጠላ ነው የቀደድኩት።"

"አዲሱ ነዋ ያነቃት! ብናኙ ቀዳዳውን ደፈነው።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ሽቦ ሳቀብል ፉንዲው እጄን መታ አደረገ። "ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከዚያ ትጠጣለች እንጂ አትሮጥም።" በብስክሌት መንፊያ ነፍቶ አጠራው። ግን ታንከሩ ውስጥ ያለውም ቤንዚን ክር ነበረበት። "ናይለን አምጡ፤ ክር የማይጥል" አለ።

እኛ ዙሪያችንን ስናማትር እህቴ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ አንድ ስቶኪንግ ይዛለች።

"ሌላውስ?" አለ ፉንዲው።

"አንዱ ይበቃሃል።"

ቤንዚኑን ቀድተን በስቶኪንጉ አጥልለን መለስነው። ሞተሩ ተነሳ፣ ግን ያነክሳል። ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል አየር መሳብ አለባቸው። የቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን በየአፋቸው ደቅኜ ፉጨታቸውን አዳመጥኩ።

"እኩል ናቸው" አልኩ።

እህቴ ቬሎዋን ሰብስባ ቱቦውን ነጠቀችኝና አዳመጠች። "አንቺ ገጣሚ፣ ግጥምሽን ጻፊ! ግራው ዝቅ ይላል።"

ፉንዲው የግራውን ብሎን በጥቂቱ አዞረ። ማንከሱ ቆመ። ጆሮው የደከመው አባቴ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ጠበቀ፤ ከዚያ ሳቀ።

እኔ በቦዳቦዳ አቧራቸውን እየቃምኩ ተከተልኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እህቴ ስትወርድ ቬሎዋ ትንሽ ከፍ አለ። አንድ እግሯ ባዶ ነበር። ያየነው እኔና አባቴ ብቻ ነን።

ስቶኪንጉ ዛሬም ጄሪካኑ አፍ ላይ ታስሯል። አባቴ ማንንም አያስነካም።