የድንጋይዋ ልሳን

ልጅ እያለሁ ቤታችን እርጥብ ድንጋይ እርጥብ ድንጋይ ይሸት ነበር። የሰፈራችን ቄሶች ከቅዳሴ ሲመለሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም ይላሉ። መሪጌታው አባቴ ግን ጥምጣሙን ሳይፈታ ወደ ጓሮ ነበር የሚሄደው። ከአንገረብ ወንዝ ዳር የለቀመውን ድንጋይ፣ ቀስት በሚመስል እንጨት ላይ በወጠረው ቀጭን ሽቦ እርጥብ አሸዋ እየጨመረ ይቆርጠዋል። ከዚያ በአናጢ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጨረሻም አመድ ባስነካው ቆዳ ያሸዋል። አንዲት እንቁላል የምታህል ድንጋይ ወር ትፈጅበታለች። እናቴ «ምነው መሪጌታ፣ ከድንጋይ ጋር ቆረቡ እንዴ?» እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ ግን ከድንጋዩ ውስጥ ቀይና ነጭ መስመር የወጣለት ቀን ራቱን ይረሳል።

አንድ ዓመት የደብራችን የድንጋይ ደወል ተሰነጠቀ። የእኔ ዘመን የጎንደር ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ሲመቱት እንደ ብረት የሚጮኸውን ጠፍጣፋ ድንጋይ። ምትኩን የመፈለጉ ነገር አባባ ላይ ወደቀ። ሦስት ዓመት ተራራውን አሰሰ። በመጨረሻ ከትክል ድንጋይ ከተማ በላይ ካለ ገደል አንዲት ጥቁር ድንጋይ አግኝቶ በአህያ ጭኖ መጣ። ጓሮ ሰቅሎ በጠጠር ሲመታት ድምጿ ጆሮዬ ውስጥ ቆየ። ብቻ ትንሽ ይሻክር ነበርና ወገቧን በጥቂት በጥቂቱ ይሞርድላት ጀመር።

ንግሡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለመምህሩ ተዝካር ኮላ ድባ መሄድ ግድ ሆነበት። ሲወጣ እናቴን «ሁሉ አልቋል፤ ልሳኗን ማቃናት ብቻ ነው የቀረኝ» አላት። ሰማሁ። ግዕዝ ከእግሩ ሥር የለቃቀምኩ የዘጠኝ ዓመት አዋቂ ነኝ፤ ልሳን ምላስ መሆኑን ማን ይነግረኛል! ድንጋይዋም ጫፏ ላይ ምላስ የመሰለች ጠማማ ቁራጭ ነበረቻት። ድምጿን ማለቱ እንደሆነ በምን ልወቅ? ላስደስተው ብዬ፣ እናቴ ከቤት ስትወጣ እየጠበቅሁ ስምንት ቀን ሙሉ ያንን ምላስ በሽቦው ገዘገዝኩ። አልቆረጥ ሲለኝ በመዶሻ ነረትኩት። ተገነጠለ። የተገነጠለበትን ደግሞ እጄ እስኪላጥ በአመድና በቆዳ አሸሁት። መስታወት አስመሰልኩት።

አባባ አቧራ ለብሶ ሲገባ ጎትቼ ወሰድኩት። «ልሳኗን አቃናሁልህ!» አልኩት። ድንጋይዋን አየ። ጠጠር አነሳና መታት። ጠቅ አለች፤ እንደ ማንኛውም ድንጋይ። ደግሞ መታት። ያኔ ገባኝ። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ብላ ልትመታኝ ስትመጣ በእጁ ከለከላት። ያሸሁትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «እጅሽ ሸጋ ነው» አለኝ።

እሑድ የደብሩ አለቃ «ምነው መሪጌታ! ሦስት ዓመት ጠብቀንዎት?» ሲሉት፣ «እጄ ስቶ ነው፤ እኔ ነኝ የሰበርኳት» ብሎ አንገቱን ደፋ። ከጀርባው ቆሜ ሰማሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ለንግሡ በደወል ፈንታ አሮጌ የማኪና ቸርኬ ተሰቀለ። አባባ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ፍለጋ ተራራ አልወጣም። ጉልበቴ እምቢ አለኝ ይል ነበር።

አሁን እኔም የያኔ ዕድሜው ላይ ደርሻለሁ። ጠዋት አስተምሬ፣ ከሰዓት አስተምሬ፣ የተማሪ ደብተር አርሜ ስነሣ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። ድንጋይ ማሸት ቀርቶ ፊቴን መታጠብ ይታክተኛል። ባለፈው ሰሞን «ይሄ ስልክ ሞልቷል፤ ማጽዳት አለብኝ» እያልኩ ስነጫነጭ የሰባት ዓመቷ ልጄ ሰምታ ኖሯል። ጋደም ካልኩበት ስነሣ፣ ስልኬን በሳሙና ሙልጭ አድርጋ አጥባ ፎጣ ላይ አስጥታዋለች። ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም። አባባ በሦስት ዓመት ልፋቱ ያላወጣውን ቃል እኔ በአንድ ስልክ አወጣሁት። አልቅሳ ሲወጣላት «ደክሞሻል ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

አዎ፣ ደክሞኝ ነው የጮኽኩብሽ ልላት አሰብኩና ተውኩት። አባባም እኮ ያን ቀን ደክሞት ነበር።